የግድግዳ ኦቨንና ማይክሮዌቭ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

በአሜሪካ ቤቶች ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ጋር የሚገጠመው፣ ላዩ ማይክሮዌቭ ታቹ ኦቨን የሆነው ዕቃ እምቢ ሲል ከሁሉ በፊት የትኛው ግማሽ እንደቆመ፣ የትኛው እንደሚሠራ ይለዩ። ሁለቱ በአንድ የ240 ቮልት መስመር ይሠራሉ፤ በብዙ ሞዴሎች መቆጣጠሪያ ቦርዱና ማቀዝቀዣ ፋኑም የጋራ ነው። አንድ ላይ ከጠፉ ጥፋቱ ከጋራው ነገር ነው፤ አንዱ ብቻ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ክፍል ነው። ይህን ሳይለዩ ቦርድ የሚያዙ ሰዎች ብዙ ዶላር ያባክናሉ።

ብሎን መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ። የማይክሮዌቩን የብረት ሽፋን ግን ብሬከሩ ጠፍቶም ቢሆን አይክፈቱት። ውስጡ ያለው ካፓሲተር መብራት ከተቋረጠ በኋላም ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ያ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው።

ሰዓቱና መብራቱ ይሠራሉ፣ ኦቨኑ ግን አይሞቅም

በብዛት የሚያጋጥመውና በብዛት በስህተት የሚታከመው ይህ ነው። 240 ቮልት የሚመጣው በሁለት ትኩስ ሽቦዎች፣ በጥቁሩና በቀዩ ነው። እያንዳንዳቸው ከነጩ ኒውትራል ጋር 120 ቮልት ይሰጣሉ። ሰዓቱና መብራቱ አንዱ ሽቦ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ማሞቂያ ኤለመንቶቹ ግን ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንዱ ሽቦ ሲቋረጥ ኦቨኑ ደህና መስሎ ይቆማል እንጂ አይሞቅም።

መጀመሪያ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ይሂዱ። የዚህ ዕቃ ብሬከር ባለ ሁለት ምሰሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 50 አምፔር ነው። እጀታው በመሃል ቆሞ ከሆነ ወደ ማጥፊያው እስከ መጨረሻው ገፍተው መልሰው ያብሩት። ዳግመኛ ከወደቀ ደጋግመው አያብሩ፤ የተነካካ ሽቦ ወይም የተቃጠለ ኤለመንት ሊኖር ይችላል። ብሬከሩ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የቤቱ ሽቦ ከኦቨኑ ሽቦ የሚገናኝበት ሳጥን ነው። የቤቱ ሽቦ አሉሚኒየም፣ የኦቨኑ መዳብ ሆኖ በተራ ማያያዣ ከታሰረ መገጣጠሚያው እየላላ፣ እየጋለ ይቃጠላል። ለሁለቱ ብረቶች የተፈቀደ ማያያዣ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ።

ድፎ ዳቦው ላዩ ጠቁሮ ሥሩ ሊጥ ሆኖ ከወጣ ግን መስመሩ ደህና ነው፤ የሞተው የታችኛው ኤለመንት ነው። ኤለመንቱ ላይ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ይፈልጉ። ብሬከሩን አጥፍተው ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ይፍቱ፤ ኤለመንቱን በቀስታ ወደ ፊት ይሳቡና ሽቦዎቹን ሲነቅሉ በልብስ መቆንጠጫ ይያዟቸው፤ ወደ ቀዳዳው ተመልሰው ከገቡ ዕቃውን በሙሉ ማውጣት ሊያስፈልግ ነው። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲለካ ከ20 እስከ 40 ኦም (የመቋቋም መለኪያ) አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧልና በሞዴሉ ቁጥር አዲስ ይዘዙ። ኤለመንቱ ከወለሉ ሥር በተደበቀባቸው ሞዴሎች ሥራው ይከብዳል።

ምንም ሳይሰበር አልሞቅ ወይም አልታዘዝ የሚልበትም ጊዜ አለ። ሰዓቱ እየቆጠረ ምንም ካልሞቀ ለሱቅ ማሳያ የተሠራው ሁነታ በርቶ ይሆናል። ቁልፎቹ ካልታዘዙ የልጆች መቆለፊያው ወይም የሰንበት ሁነታው (በአይሁድ ሰንበት ቁልፍ እንዳይነካ የተሠራው) በርቷል፤ መቆለፊያው በብዙዎቹ ላይ ቁልፉን 3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በመያዝ ይፈታል።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጨለሙ

ብሬከሩ ካልወደቀ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በቅርቡ ኦቨኑን ራሱን በራሱ እንዲያጸዳ አድርገውት ነበር? በዚያ ሥራ ውስጡ ወደ 900 ዲግሪ ፋራናይት ይጠጋል። ከጀርባው ያለው የሙቀት መከላከያ ፊውዝ የሚቆረጠውም፣ የበሩ መቆለፊያ ሞተር የሚጣበቀውም አብዛኛውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብሬከሩን አጥፍተው 5 ደቂቃ ቆይተው ያብሩት፤ መቆለፊያው በዚህ ሊላቀቅ ይችላል። ፊውዙ ከተቆረጠ ግን መቀየር አለበት፤ ለምን እንደተቆረጠ ሳይታወቅም መቀየር የለበትም። ዋናው ተጠርጣሪ የቆመ ማቀዝቀዣ ፋን ነው። ለገና ወይም ለፋሲካ ዋዜማ ይህን ማጽጃ አያብሩ፤ ከተበላሸ ለበዓሉ ጠጋኝ አይገኝም።

ኦቨኑ ከጠፋ በኋላ ፋኑ ረጅም ጊዜ ቢጮህ ግን ጤናማ ነው። ቦርዶቹን እያቀዘቀዘ ስለሆነ ብሬከር አጥፍተው አያቁሙት።

ኬኩ በሰዓቱ አይበስልም ወይም ያርራል

የኦቨን ቴርሞሜትር መሃል መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡ። 350 ፋራናይት ላይ ያድርጉና፣ ሞቀ ብሎ ከጮኸ በኋላ ሌላ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። በሩን ሳይከፍቱ በመስታወቱ በየ5 ደቂቃው አምስት ስድስት ጊዜ ያንብቡና አማካዩን ያውጡ። ኦቨን እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ 15 ወይም 20 ዲግሪ መዋዠቁ ችግር አይደለም፤ አንድ ንባብ ብቻ ወስዶ መፍረድ ግን ያሳስታል። አማካዩ እስከ 30 ዲግሪ ያህል ከተሳሳተ በሴቲንግ ውስጥ ካለው የሙቀት ማስተካከያ ይታረማል።

ከዚያ ከበለጠ ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር በመልቲሜትር ይለኩ። ከኋላው ግድግዳ ከፍ ብላ የወጣችው ቀጭን ዘንግ ናት። በአሜሪካ ሞዴሎች በክፍል ሙቀት 1,080 እስከ 1,100 ኦም አካባቢ ማንበብ አለባት፤ በጣም ከራቀች ትቀየር። ዋጋዋ ቀላል፣ ሥራውም ሁለት ብሎንና አንድ ማገናኛ ነው። ዘንጓ ከመደርደሪያ ወይም ከፎይል ጋር ተነካክታ እንዳይሆንም ይዩ። በኤፍ የሚጀምር የስህተት ኮድ ከወጣ ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመቆጣጠሪያው ሽፋን ጀርባ በታጠፈ ወረቀት ላይ አለ።

ማይክሮዌቩ ይዞራል፣ ምግቡ ግን ቀዝቃዛ ነው

በጣም እየጎረነነ ካላሞቀ ዳዮዱ ወይም ማግኔትሮኑ (ምግቡን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚፈጥረው ክፍል) ነው። ያለ ጉርምርምታ ጸጥ ብሎ ከዞረ የበሩ ስዊች ወይም የቦርዱ ሪሌ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ይጠረጠራል። እያሞቀ ከደከመ ኃይሉን ይለኩ። 1 ሊትር ውሃ በሙሉ ኃይል ልክ 1 ደቂቃ ያሙቁ፤ አማስለው ከመጀመሪያው ስንት ዲግሪ ሴልሺየስ እንደጨመረ ያስሉና በ70 ያባዙት፤ የሚመጣው በዋት ነው። 900 ዋት የተባለው ወደ 13 ዲግሪ ያህል መጨመር አለበት። 8 ብቻ ከጨመረ ማግኔትሮኑ አርጅቷል።

በሩ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ድንገት ከሞተ የተቃጠለው የውስጥ ፊውዝ ነው፤ ያቃጠለው ግን የበሩ ስዊች ነው። ስዊቹ ሳይቀየር ፊውዝ ብቻ ከተቀየረ በሳምንቱ ይደገማል። እየሠራ ሳለ በሩን መጎተት ስዊቹን በብልጭታ ይበላዋልና ሁልጊዜ መጀመሪያ ማቆሚያውን ይጫኑ።

ብልጭታ ካዩ ወዲያው ያጥፉት። በጎኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ካርቶን የምትመስል የማይካ ሽፋን ስብ ጠጥታ ተቃጥላ ሊሆን ይችላል። ከተቃጠለች በዚያው ልክ ከማይካ ተቆርጦ ይተካ፤ ያለ እሷ አይሠራ።

እንዳይበላሽ

በኦቨኑ ወለል ላይ ፎይል አያንጥፉ፤ ሙቀት አፍኖ ኢናሜሉን ያበላሻል። በኦቨኑና በማይክሮዌቩ መካከል ያለውን የአየር መውጫ በፎጣ አይሸፍኑ፤ የቦርዶቹ ዕድሜ በዚያ አየር ላይ ነው። የበሩን ጋስኬት (የጠርዙን ማሸጊያ) አይፈትጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። የማይክሮዌቩን ውስጥ በየሳምንቱ ይጥረጉ፣ ባዶውንም አያሠሩት።

ከግድግዳው ማውጣት ካስፈለገ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላልና ቢያንስ ሁለት ሰውና ጠንካራ ማስቀመጫ ያዘጋጁ። የጎን ብሎኖቹ ተፈተው በሩን ከከፈቱ ወደ ፊት ይወድቃል።

ይህን ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስቡ ይጠንቀቁ። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ በቀጥታ ቢገናኝ የ120 ቮልት ክፍሎቹ 220 አርፎባቸው ይቃጠላሉ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራው የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ከመጠን በላይ ይግላል። ለዚያ ቤት ከመጀመሪያው ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራውን መግዛት ይሻላል።