የቀድሞ የባቡር መስመርን ተከትሎ በብስክሌት ለመጓዝ እንዴት ይዘጋጃሉ?

ባቡር ዳገት አይችልም። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የድሮዎቹ መሐንዲሶች መስመር ሲቀይሱ ተራራውን ከመውጣት ይልቅ ይዞሩት ወይም ይበሱት፣ ሸለቆውን ደግሞ በሙሌት (ከፍ ተደርጎ በተከመረ አፈር) እና በድልድይ ይሻገሩት ነበር። የብዙዎቹ መስመሮች ዳገት በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር ከፍታ አያልፍም። ባቡሩ ሥራ አቁሞ ሀዲዱ ሲነቀል ያ ሁሉ የተለፋበት ለጥ ያለ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ይቀራል። መኪና አይገባበትም፤ ገጠሩን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። ለብዙ ቀን ጉዞ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ብቻ መንገዱን ሲያቅዱ የባቡር መስመር እንደነበረ አይርሱ፤ ከታች የምለው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

1. መስመሩን ይምረጡ

ርዝመቱን፣ ወለሉን፣ ከሁለቱም ጫፎች መመለሻ መኖሩን ይመልከቱ። ለአንድ ቀን ሙከራ በስፔን አንዳሉሲያ የሚገኘው ቪያ ቨርዴ ደ ላ ሲዬራ ይበቃል፦ 36 ኪሎ ሜትር፣ 30 ዋሻዎች። ግንባታው ሳያልቅ ስለቀረ በዚያ መስመር ባቡር ሄዶበት አያውቅም፤ የመጀመሪያዎቹ መንገደኞቹ እግረኞችና ብስክሌተኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ቀን ያለው ሰው ቬንባንን ይሞክር። ከጀርመን አኸን ተነሥቶ ቤልጂግን አቋርጦ ሉክሰምበርግ ውስጥ ትሯቪየርዥ የሚደርስ የ125 ኪሎ ሜትር መንገድ ሲሆን፣ አብዛኛው አስፋልት ነው። በኒው ዚላንድ በ2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኦታጎ ሴንትራል 152 ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአንደኛው ጫፉ በከምበርላንድ ከተማ ከድሮው የቦይ ዳር መንገድ ጋር ስለሚገናኝ እስከ ዋሽንግተን ድረስ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ ይቻላል።

2. ከየትኛው ጫፍ እንደሚነሡ ይወስኑ

ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ ንቆ ያልፈዋል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ግሬት አሌጌኒን እንውሰድ። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 729 ሜትር ላይ ነው። ከከምበርላንድ ከተነሡ እዚያ ለመድረስ ከ500 ሜትር በላይ የሚሆነውን ከፍታ በ38 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ፋታ ይወጡታል። ከሌላው ጫፍ ከፒትስበርግ ከተነሡ ደግሞ ዳገቱ በ200 ኪሎ ሜትር ላይ ስለተበተነ መውጣትዎን እንኳ ላያስተውሉ ይችላሉ፤ መጨረሻ ላይ ያቺ 38 ኪሎ ሜትር ወደ ቁልቁለት ትለወጣለች። የመስመሩን የከፍታ ሥዕል ሳያዩ ትኬት አይቁረጡ።

ነፋሱንም ያስቡበት። ቆረጣ (ኮረብታው ለመስመሩ የተቆረጠበት ቦታ) ውስጥ ሲገቡ ግራና ቀኙ ይከልልዎታል፤ ሙሌት ላይ ሲወጡ ግን ከሜዳው በላይ ተጋልጠው ነው የሚሄዱት። የወቅቱ ነፋስ ከወዴት እንደሚነፍስ አጣርተው ከጀርባዎ እንዲሆን ያድርጉ።

3. ብስክሌቱን ያዘጋጁ

አስፋልት ከሆነ ማንኛውም ጤነኛ ብስክሌት ይሆናል። ለጠጠር ወርዱ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ይግጠሙ፤ የጎማውንም አየር ትንሽ ቀነስ ያድርጉት። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲደርቅ ምቹ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ሊጥ ይሆንና ካቴናው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ፓራፋንጎ ያስገጥሙ፣ ማታ ማታ ካቴናውን ጠርገው ዘይት ይቀቡት። ዕቃ በጀርባ አይሸከሙ፤ የኋላ መጫኛው ላይ በግራና በቀኝ እኩል ያስሩት። ሁለት ካላማዳሪ፣ መለጠፊያና ፖምፓ ከእጅዎ አይራቁ።

4. ሜዳው እንዳያታልልዎ

ለጥ ያለ መንገድ ቀላል ይመስላል። ለጉልበት እውነት ነው፤ ለመቀመጫ፣ ለመዳፍና ለአንገት ግን አይደለም። በተራራ መንገድ ላይ ሰው ሲወጣ ቆሞ ይረግጣል፣ ሲወርድ ፔዳሉን ትቶ ያርፋል፤ ሰውነቱ በየጊዜው ይለዋወጣል። በባቡር መስመር ላይ ይህ የለም። ሰዓታት ሙሉ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ አቀማመጥ፣ ሳያቋርጡ ይረግጣሉ። መንገዱ ሜዳ ነው ብሎ በመጀመሪያው ቀን 100 ኪሎ ሜትር ያቀደ ሰው በሁለተኛው ቀን ኮርቻው ላይ መቀመጥ ያቅተዋል።

መድኃኒቱ ዕረፍቱን ራስዎ መፍጠር ነው። በየ10 እና 15 ደቂቃው ለጥቂት ርግጫ ከኮርቻው ይነሡ፤ መሪው ላይ የእጅዎን አያያዝ ይቀያይሩ፤ በየሰዓቱ ወርደው ትንሽ ይራመዱ። ለጀማሪ በቀን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በቂ ነው። ባለ ስፖንጅ ቁምጣ የቅንጦት ዕቃ እንዳይመስልዎ፤ ከሁሉ አስቀድመው ይግዙት። ጉዞው ከመድረሱ በፊትም በሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆሙ መርገጥን ይለማመዱ።

5. ማደሪያና ውሃ

ጣቢያ የሚሠራው ለባቡሩ በሚመች ቦታ እንጂ ለከተማው በሚቀርበው ቦታ አልነበረም። መስመሩ ወንዝ ተከትሎ ሲሄድ ከተማው ከኮረብታው አናት ላይ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሳያዩ ውለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ጉልበት ሊጨርሱ ይችላሉ ማለት ነው። ማደሪያ ሲይዙ ከመንገዱ ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ከፍታውንም ይጠይቁ። አንዳንዶቹ አሮጌ ጣቢያዎች ዛሬ ማረፊያና ምግብ ቤት ሆነዋል፤ በስፔን ይህ የተለመደ ነው። በበጋ ሙቀት ግን እነሱን ተማምነው ባዶ ጠርሙስ ይዘው አይነሡ።

የተቆረጠ ቦታም ይጠብቁ። ድልድዩ ፈርሶ ወይም መሬቱ ተሽጦ መስመሩ ሲቋረጥ መንገዱ ወደ ተራ የመኪና መንገድ ያወጣዎታል፤ እዚያ የሚያጋጥመው ዳገት የባቡር ዳገት አይደለም። የቅርብ ጊዜ ካርታ ይያዙ።

6. ዋሻ

ፀሐይ ላይ የቆየ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከመግባትዎ በፊት ጥቁር መነጽርዎን ያውልቁ፣ የፊትና የኋላ መብራት ያብሩ፣ ጃኬት ይልበሱ፣ ፍጥነት ይቀንሱ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ከጣሪያው ውሃ ስለሚንጠባጠብ ወለሉ ያንሸራትታል። አይዳሆና ሞንታናን የሚያገናኘው የሃያዋታ መስመር ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያለ መብራት መግባት አይፈቀድም። በግሬት አሌጌኒ ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ደግሞ በብርዱና በበረዶው ወራት ይዘጋል።

7. መሻገሪያዎችና ሌሎች ተጓዦች

መኪና አይገባበትም ማለት መኪና አያቋርጠውም ማለት አይደለም። በየመሻገሪያው መሀል ላይ የተተከሉ ምሰሶዎች አሉ፤ ሁለት ብስክሌተኞች ጎን ለጎን እያወሩ ሲሄዱ የሚጋጩት ብዙውን ጊዜ እነሱን ነው። እግረኛ ከኋላ ሲደርሱበት ቀደም ብለው ደወል ይደውሉ፤ ፈረስ ሲያዩ ደግሞ ደወሉን ትተው በድምፅ ይናገሩና በርቀት ይለፉ።

8. መመለሻ

ባቡሩ የለምና በመጡበት መስመር የሚመልስዎ የለም። ቬንባን በዚህ ዕድለኛ ነው፤ አኸንም ትሯቪየርዥም ዛሬ የሚሠራ ባቡር ጣቢያ አላቸው። በሌሎች ብዙ መስመሮች ላይ ግን ብስክሌት የሚጭን ሚኒባስ አስቀድሞ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ባቡርም ሆነ አውቶቡስ ብስክሌት ይጭን እንደሆነ፣ ቦታ ማስያዝ ይጠይቅ እንደሆነ ጉዞውን ሳይጀምሩ ያረጋግጡ።