በበጋ ቲማቲም ስልስ አሠራር

የፎገራና የቆጋ መስኖ ቲማቲም ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚከመረው በበጋ ነው። ስልስ መሥራት ያንጊዜ ነው። የክረምቱ ቲማቲም ውሃ ስለሚበዛበት ቢንተከተክም ጣዕሙ አይጠነክርም፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ለ3 ኪሎ ቲማቲም 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 6 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 ዘለላ ጦስኝና አንድ እፍኝ ትኩስ በሶብላ ይበቃል። ከ1.2 እስከ 1.5 ሊትር ስልስ ይወጣዋል። ዘይቱ የሱፍ ይሁን፤ የኑግ ዘይት ለሌላ ወጥ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን የበሶብላውን ሽታ ይውጠዋል።

ቲማቲሙ ሞላላው፣ ሥጋው የወፈረና ዘሩ ያነሰው ይሻላል። ለመንገድ ተብሎ ሳይበስል የተለቀመ ከሆነ ጥላ ላይ ሳይደራርቡ 2 ወይም 3 ቀን ይተዉት። ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት፤ ቅዝቃዜ መብሰሉን ይገታዋል፣ መዓዛውንም ይቀንሰዋል። የተሰነጠቀውን ክፍል ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ የሻገተ ከሆነ ግን ሙሉውን ይጣሉ።

ግርጌውን በቢላ በመስቀል ጫር ጫር አድርገው የፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ይንከሩት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ልጣጩ በ30 ሰከንድ ካልለቀቀ አይገረሙ። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተው ይላጡት። ከዚያ ለሁለት ሰንጥቀው ዘሩን ወንፊት ላይ ያራግፉ። በዘሩ ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ብዙ ጣዕም ስላለው በማንኪያ እየተጫኑ ያጥሉትና ወደ ቲማቲሙ ይመልሱት።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፈው በዘይቱ ለ12 ደቂቃ ያህል በቀስታ ያቁላሉ። ይህን መቸኮል ብዙ ስልስ ያበላሻል፤ የቲማቲም ኮምጣጣነት ሽንኩርት እንዳይለሰልስ ስለሚያደርግ፣ ጥሬውን የገባ ሽንኩርት እስከ መጨረሻው ይንኮሻኮሻል። ነጭ ሽንኩርቱን ለ1 ደቂቃ ብቻ ያስከትሉ፤ ከጠቆረ ይመራል። ከዚያ ቲማቲሙ፣ ጨውና ጦስኙ ይግቡ።

ድስቱ ሰፊና የማይዝግ ብረት ይሁን። ባዶ አልሙኒየም ከኮምጣጣው ጋር ሲቆይ የብረት ጣዕም ያመጣል። ሳይከድኑ በመጠነኛ እሳት ለ1 ሰዓት ከሩብ ያህል ያንተክትኩ። ሲወፍር የድስቱን ታች ስለሚይዝ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ያማስሉ። ከያዘ ታችኛውን አይፋቁ፤ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው ይቀጥሉ። መድረሱን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ሰሃን ላይ ያድርጉ፤ ዙሪያውን ውሃ ከለቀቀ ገና ነው።

በሶብላው በእጅ ተቀዶ እሳቱ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይገባል። ቀድሞ ከገባ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። የጥብስ ቅጠል የሚወዱ አንዲት ትንሽ ዘለላ ጨምረው ከ15 ደቂቃ በኋላ ያውጧት፤ ከዚያ በላይ ከቆየች ሌላ ነገር አይቀመስም። ኮምጣጣው ከበዛ ስኳር ከማከል ይልቅ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ካሮት ፍቀው ከሽንኩርቱ ጋር ያቁላሉ።

ስልሱ በፍሪጅ 4 ቀን፣ በፍሪዘር ደግሞ 3 ወር ይቆያል፤ በረዶ ሲሆን ስለሚለጠጥ ከዕቃው አፍ 2 ሳንቲሜትር ይተዉለት። ጠርሙስ ሞልቶ ላዩን በዘይት ሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ማቆየት የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። ዘይቱ አየር ይከላከላል እንጂ ተህዋስ አይገድልም፤ ሽንኩርቱም ኮምጣጣነቱን ስለሚቀንሰው አየር የማይፈልገው ገዳይ ተህዋስ ሽታውንም መልኩንም ሳይለውጥ ሊራባበት ይችላል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ 3 ኪሎውን ወደ 1 ኪሎ ዝቅ አድርጎ ሠርቶ መብላት ይሻላል።