ሐረር ላይ ፔጆ 404 ልትገዙ ከሆነ
እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ነው፤ ቀለሙ ግን አያታላችሁ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በበሮቹ ግርጌ አስኪዱት። ካልያዘ የምታዩት ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ሞተሩን በጠዋት፣ ሳይነሳ እዩት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። የራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጠርጥሩ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ከጋለ ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያውን) መቀየር ብቻ አይበቃውም።

ከዚያ ከድሬዳዋ የደንገጎን አቀበት አስወጡት፤ የማቀዝቀዣው ጤንነት እዚያ ይለያል። ቁልቁለቱን በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ ሳትሰጡ ውረዱ፤ ማርሹ ካመለጠ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል ነው። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ብረት የነሐስ ጥርስ የሚያዞርበት ነው። ለነሐስ የማይስማማ ቅመም ያለው ዘይት ከተሞላበት ጥርሱ ቀስ በቀስ ይበላል። ሻጩን አስፈቅዳችሁ የማፍሰሻ ብሎኑን አስፈቱና ትንሽ ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ አንጠባጥቡ። ወርቃማ ብናኝ በብዛት ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ ተዉት። ያ ጥርስ ከየትም መኪና ተፈትቶ አይገጠምም።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከርም አይቅር።