ፀጉራችሁ እየተነቃቀለ ነው? ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች እዩ

እህቴ በወለደች በአራተኛ ወሯ አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሯን ታጥባ ፎጣዋን ይዛ መጣች። ፎጣው ላይ የተጠቀለለው ፀጉር እፍኝ ይሞላል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ እዚህ ጅማ፣ ሒርማታ መርካቶ ቅመም ተራ ሄድን። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ አብሽ ገዛን። አንዲት እናት ደግሞ በላስቲክ የታሰረ ዱቄት ሰጡን። «ልጄ፣ ይሄን ቀቢያት፣ በሳምንት ታይዋለሽ» አሉኝ። ስሙን ጠየቅኳቸው፤ «የፀጉር መድኃኒት ነው» ብቻ አሉ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ቀባናት። መነቃቀሉ አልቆመም። ግንባሯ ላይ ግን ሽፍታ ወጣ።

የባህል መድኃኒት የምጠላ ሰው አይደለሁም። በጤና አዳምና በዳማከሴ ነው ያደግኩት። ግን ያኔ የሠራነውን ስህተት አሁንም ጅማ ውስጥ ስንት ቤት እንደሚሠራ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ምክንያቱን ሳያውቁ መቀባት

ትልቁ ይሄ ነው። ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው። «ፀጉሬ ይነቃቀላል» የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም።

በኋላ ሐኪም ጋር ስንሄድ እህቴን መጀመሪያ የጠየቃት «መቼ ነው የወለድሽው?» ብሎ ነው። ራሷን እንኳ ገና አላየም። ለካ ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት፣ ከታይፎይድ፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ከከባድ ሐዘን በኋላ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ማደጉን ያቆማል። ወዲያው ግን አይረግፍም። ሥሩ ላይ ቆይቶ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ዛሬ ፀጉራችሁ እየረገፈ ከሆነ ትናንት የቀየራችሁትን ሻምፖ አትክሰሱ። ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ያኔ ምን ሆናችሁ ነበር? እንዲህ ያለው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ በስድስት ወር አካባቢ መቀነስ ይጀምራል። በዚያ ሰሞን የተቀባው ቅባት ሁሉ ታዲያ «አዳነኝ» ይባላል።

ሌላውስ? የሴቶች ፀጉር መሃል መሃሉን እየሳሳ፣ የወንዶች ከግንባር እየሸሸ ከሄደ ብዙውን ጊዜ የዘር ነው። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ልስልስ ብሎ የተመለጠ ቦታ ካለ፣ ላሽ የምንለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ልጅ ራስ ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ የተሰባበረ ቦታ ከታየ ደግሞ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቅባት ሊሠራ አይችልም።

ምንም በሽታ የሌለበትም አለ። ማንኛውም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባ ለሁለት ሳምንት ተሠርታችሁ ስትፈቱት የ14 ቀኑ ተጠራቅሞ በአንዴ ይወጣል። ከ700 በላይ ፀጉር ማለት ነው። ሚዶው ላይ ስታዩት ያስደነግጣል፤ ግን የተለመደ ነው።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው» ማለት

ፈረንጅ አራዳ የምትኖር አንዲት ወጣት ላሽ ወጣባትና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ቦታው ላይ ለጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ አደረች። ሌሊቱን ሙሉ እያቃጠላት ቻለችው፤ «መድኃኒቱ ሲገባ ነው» ተብላለች። ጠዋት ስትፈታው ቆዳው ውኃ ቋጥሯል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ለሰዓታት ከቆየ እንደ እሳት ያቃጥላል። ሚጥሚጣ በዘይት አድርጎ መቀባትም ያው ነው። ቃጠሎው ጠልቆ ጠባሳ ከሆነ ደግሞ የፀጉሩ ሥር ይሞታል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅጠል የለም።

እሬትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ቅጠሉን አቁማችሁ አንጠፍጥፉት፣ እጠቡት፣ መሃሉን ነጩን ብቻ ውሰዱ። ማንኛውንም አዲስ ነገር ክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ የእህቴ ግንባር አይቆጣም ነበር።

የሚሠራ ቅጠል የለም ማለቴ ግን አይደለም። የጥብስ ቅጠል ዘይት በ2015 በታተመ ጥናት የዘር መሳሳት ባለባቸው ወንዶች ላይ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ ነበር። በሦስተኛው ወር ሁለቱም ጋ ለውጥ አልታየም። በስድስተኛው ወር ሁለቱም ጋ ታየ። አንድ ጥናት ነው፣ ትንሽ ነው፤ ደግሞ የተሞከረው የተጣራ ዘይቱ እንጂ ድስት ውስጥ የተቀቀለ ውኃ አይደለም። የቀይ ሽንኩርት ጭማቂም በ2002 ተሞክሮ ነበር፤ ያውም ለላሽ ብቻ፣ በጥቂት ሰዎች። ለዘር መመለጥ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ነገሩን አቀላቅሎታል።

ፎረፎር ያለበት ራስ ላይ ቅቤ መድፋት

ለጋ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር ጥሩ ነው። ያለሰልሳል፣ ስብራት ይቀንሳል። ከሥሩ ግን አያበቅልም። ፎረፎር ካለባችሁ ደግሞ ያባብሰዋል፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነውና። መጀመሪያ ፎረፎሩን በኬቶኮናዞል ሻምፖ አጥፉ፣ ቅቤው ይደርሳል።

የልጅን ቆረቆር በቅባት ማከም

ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ገብቷል። ከላይ የሚቀባ ነገር፣ የባህልም ይሁን የፋርማሲ፣ ብቻውን አይደርስበትም። ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ ለሳምንታት ይወሰዳል። ሚዶና ፎጣ ለዩ፣ እህት ወንድሞቹንም አሳዩ።

ግንባር የሚወጥር ሹሩባ

ከተሠራችሁ በኋላ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ከወጣ ጠብቋል። ፍቱት። ሠሪዋ ትቀየማለች ብላችሁ ሕመሙን አትቻሉት። ለዓመታት የተጎተተ የግንባር ፀጉር ተመልሶ የማይበቅልበት ጊዜ አለ። እዚህ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ፀጉር ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን ጎትቶ መሥራትም ይሰብረዋል።

ምግብ ላይ ቡና መደረብ

ጅማ ተቀምጬ ቡና አትጠጡ ልል አልችልም። ሰዓቱን ግን አስተካክሉ። የብረት እጥረት ያለባቸው ብዙ ሴቶች ፀጉራቸው ይሳሳል። ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከጎመን የምናገኘውን ብረት ደግሞ ቡናና ሻይ እንዳይመጠጥ ይይዙታል። እህቴ ቤት ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ ቡናው ይፈላል፤ አቦሉ የሚደርሰው ገና እጅ ሳይታጠብ ነው። አሁን ቢያንስ አንድ ሰዓት እናሳልፋለን። በምትኩ ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቃል፣ ከምሳ በኋላ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ይበላል። ቫይታሚን ሲ ብረቱን እንዲመጠጥ ያግዘዋል። ብዙ ወጪ የለውም። ከገዛናቸው ዘይቶች ሁሉ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ገንፎና ጎደሬ ያጠግባሉ እንጂ ለፀጉር ብቻቸውን አይበቁም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ ይግባበት። በጾም ሽሮና ምስር አይጥፉ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ በአንድ ወር ራሳችሁን ካስራባችሁ፣ ሦስት ወር ቆይቶ ፀጉራችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሳይመረመሩ ቫይታሚን መዋጥ

ባዮቲን አሁን ፋሽን ሆኗል። እጥረቱ ግን ብዙ ሰው ላይ የለም። ብዙ መጠን ያለውን ስትወስዱ ደግሞ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራን ውጤት ያዛባል፤ ስለዚህ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ከልክ ሲያልፉ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ። ጥሬ እንቁላል መጠጣትም አይረዳም፤ የጥሬው ነጭ ክፍል ባዮቲንን ይይዘዋል። ቀቅላችሁ ብሉት። የብረት ኪኒንም ቢሆን ደም ሳይታይ አይጀመር። ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ ፌሪቲን የሚባል ምርመራ አለ፤ ጠይቁ።

«ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» ብሎ መጠጣት

እንዶድ ቅጠል ነው፤ ፍሬው ግን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ስሙን የማታውቁትን ነገር ለፀጉር ብላችሁ አትጠጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አብሽን እንደ መድኃኒት አብዝቶ መጠጣት ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው፤ ስኳር ያወርዳልና።

በየሁለት ሳምንቱ መቀያየር

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ሁለት ሳምንት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ምን ታያላችሁ? አንድ ነገር ምረጡና ስድስት ወር ስጡት። በወር አንዴ፣ ያው መስኮት ጋ ቆማችሁ፣ ፀጉራችሁን በአንድ መስመር ከፍላችሁ ፎቶ አንሱ። መስታወት ያታልላል፤ በየቀኑ ስለምናየው ለውጡ አይታወቀንም።

ሐኪም ጋር ሲሄዱ የተቀቡትን መደበቅ

ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ መግል ወይም ሕመም ካለ፣ ቆዳው እያብረቀረቀ ከሄደ፣ ቅንድብም ከረገፈ፣ ወይም የወር አበባ ከተዛባ ስድስት ወር አትጠብቁ። የቆዳ ሐኪም ጋር ሂዱ። ብዙ ሰው ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ የባህሉን መድኃኒት አይናገርም። እኛ ተናገርን። «ዱቄቱ ምን ነበር?» ሲለን ግን መልስ አልነበረንም፤ ላስቲኩንም ጥለነዋል። ሽፍታው ከየትኛው እንደመጣ ሳይታወቅ ሁሉንም እንድታቆም ተደረገ፣ የሚስማማት ዘይት ሳይቀር። እናንተ ስትሄዱ ጠርሙሱንም ቅጠሉንም በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ መቼ እንደጀመራችሁም ጻፉበት።