ሴቭ ስቴትን አትመኑ፦ ፕሌይስቴሽን 2ን በኮምፒውተር ለሚጫወቱ

ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለውን ኢሙሌተር፣ ማለትም የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተውን ፕሮግራም፣ እወደዋለሁ። ድሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈን፣ ከፍለን የተጫወትናቸውን ጌሞች ቤታችን አምጥቶልናል። ለብዙ ልጆች ጭኜላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ቆይተው «ተበላሸብኝ» እያሉ ይደውላሉ። ኢሙሌተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚሠሩት ስህተት ነው ሁሌም ያው የሆነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝን ላስቀድም፦ በሴቭ ስቴት ብቻ መጫወት።

ኤፍ1ን ስትጫኑ ኢሙሌተሩ በዚያች ቅጽበት የማሽኑ ሚሞሪ ላይ ያለውን እንዳለ ይገለብጣል። ኤፍ3ን ስትጫኑ ይመልስላችኋል። ፈጣን ነው፣ ጌሙ መሃል የትም ቦታ ይሠራል። ልጆቹ የሚወዱትም ለዚህ ነው። ሴቭ ስቴት የሚባለው ይህ ቅጂ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለዚያ ቨርዥን ነው። ኢሙሌተሩን አፕዴት ስታደርጉ አዲሱ ቨርዥን የድሮውን ሴቭ ስቴት አልከፍትም ሊል ይችላል።

አንድ ልጅ ፔስ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ማስተር ሊግ ጀምሮ ወራት ተጫወተ። ደካማ ቡድን ይዞ ተነሳ፣ ወጣቶቹን አሳደገ፣ ዋንጫ በላ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ጌሙ ውስጥ ገብቶ ሴቭ አላደረገም። ኤፍ1 ብቻ! ከዚያ ጓደኛው አዲሱን ቨርዥን በፍላሽ አመጣለት። የድሮውን አጥፍተው አዲሱን ጫኑ። ሴቭ ስቴቱ እምቢ አለ። ጌሙ ራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን ሚሞሪ ካርድ ከፍቼ ሳየው ባዶ ነው። የድሮው ቨርዥን ቢገኝ ኖሮ በእሱ ከፍተን፣ ጌሙ ውስጥ ገብተን ካርዱ ላይ እናስቀምጠው ነበር። ልጁ ግን የትኛው ቨርዥን እንደነበረ አያውቅም። ፊቱን ማየት ከብዶኛል። እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው አሁን ጌም ሳልጭን በፊት ስለ ሴቭ የማወራው።

ስለዚህ ጌሙ ራሱ ሴቭ በሚያደርግበት ቦታ፣ ሚሞሪ ካርዱ ላይ አስቀምጡ። ሴቭ ስቴት ለከባድ ቦታ መለማመጃ ይሁን። የድሮ ሴቭ ስቴት እንደመለሳችሁም ወዲያው ካርዱ ላይ አትጻፉ፤ ጌሙ የሚያስበው ካርዱ ቀድሞ የነበረበትን ሁኔታ ስለሆነ ሊያበላሸው ይችላል። ካርዱ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሚምካርድስ በሚባል ፎልደር ያለ ፋይል ነው፣ መጠኑም 8 ሜጋባይት ገደማ። በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ አለቀ። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጌሙ እየጻፈ እያለ መብራት ከጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው የዘወትር ስልክ «ይንቀረፈፋል» የሚል ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ መሰካቱን ነው። በባትሪ ሲሆን ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዳክመዋል። ፒሲኤስኤክስ2 ደግሞ ከፕሮሰሰር ብዙ ይፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ ኢሞሽን ኢንጂን የሚባለው ዋናው ፕሮሰሰር፣ ስሌት የሚያግዙት ሁለት ቬክተር ዩኒቶችና የግራፊክስ ቺፑ እኩል እየተናበቡ ነው የሚሠሩት። ያንን ሥራ ለብዙ ኮሮች ማከፋፈል ስለማይቻል ዝግተኛ 8 ኮር ካለው ማሽን ይልቅ ፈጣን 4 ኮር ያለው ይሻላል።

ተሰክቶም ካልተሻለ፣ ሰዎች ወዲያው የሚያደርጉት ሬዞሉሽን መቀነስ ነው። ቆይ! መጀመሪያ ከሴቲንግ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሲፒዩና የጂፒዩ ፐርሰንት አብሩት። «ኢኢ» (ኢሞሽን ኢንጂን) የሚለው 100 አካባቢ ከደረሰ የጨነቀው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ሬዞሉሽን ብትቀንሱ ለውጥ የለውም። ጂፒዩ የሚለው ከሞላ ግን ኢንተርናል ሬዞሉሽኑን ወደ ኔቲቭ፣ ማለትም ወደ ፕሌይስቴሽን 2 የራሱ መጠን፣ መልሱት። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ 4ኬ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ዩቲዩብ ላይ «ቤስት ሴቲንግ» ተብሎ የተለቀቀውን እንዳለ አትገልብጡ። እሱ ለሌላ ማሽንና ለሌላ ጌም የተስተካከለ ነው። ፒሲኤስኤክስ2 ለብዙ ጌሞች የሚያስፈልጋቸውን ማስተካከያ በራሱ ያውቃል፤ እናንተ ስትነካኩት ነው የሚበላሸው። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልጠቀመ መልሱት።

አይኤስኦ የሚባለውን የጌሙን ዲስክ ቅጂ ፋይል ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ሴትአፕ አትፈልጉ። ጌሙ የሚከፈተው ከኢሙሌተሩ ውስጥ ነው።

«የፕሌይስቴሽን 2 ጌም» ተብሎ የመጣላችሁ ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ አትክፈቱት። ቫይረስ የሚገባው በዚህ በር ነው። «የፕሌይስቴሽን 5 ኢሙሌተር» የሚሏችሁንም አትመኑ፤ እንደ ፒሲኤስኤክስ2 በደንብ ጌም የሚያጫውት እንዲህ ያለ ነገር ገና የለም። ኢሙሌተሩን ከፕሮጀክቱ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆናችሁ ግን 2.0 እና ከዚያ በኋላ የወጡት አይሠሩላችሁም፤ 1.6ን ተጠቀሙ።

ኢሙሌተሩ ለመነሳት ስለሚያስፈልገው ባዮስ፣ ማለትም ስለ ማሽኑ የማስነሻ ፕሮግራም፣ በግልጽ ልናገር፣ ሁልጊዜ ስለምጠየቅ። ኢሙሌተር መሥራት ሕገወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሶኒ ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኢሙሌተር ሠሪው ፈርዷል። ባዮሱ ግን የሶኒ ንብረት ነው። ኢሙሌተሩ ውስጥ የማይገኘውም ለዚህ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከራሳችሁ ፕሌይስቴሽን መገልበጥ ነው። ቤታችሁ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰች የድሮ ማሽን ካለች አትጣሏት፣ ታስፈልጋችኋለች።

ፍላሻችሁ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። «ቦታ አለው እኮ» እያሉ የሚጨቃጨቁ አሉ። ቦታ ቢኖረውም አይቀበልም። ጎድ ኦፍ ዋር 2ን የመሰሉ ትልልቅ ጌሞች ስላሉ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጣችሁ ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ወይም ጌሙን ሲኤችዲ ወደሚባለው የተጨመቀ ፋይል ቀይሩት፤ መጠኑ ይቀንሳል፣ አዲሶቹ የኢሙሌተሩ ቨርዥኖችም ያነቡታል (1.6 ግን አያነበውም)።

«50 ፍሬም ብቻ ነው የሚሰጠኝ» ለምትሉ፦ የያዛችሁት የአውሮፓው፣ ማለትም ፓል የሚባለው ቅጂ ነው። እሱ ድሮም በ50 ነው የሚሄደው፣ የአሜሪካው በ60። የምታዩት ስፒድ የሚለውን ይሁን። 100% ካለ ሁሉ ነገር ደህና ነው። መሃል ላይ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው አትዝለሉ። የጌሙ መለያ ኮድ ስለሚለያይ አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለውን ሴቭ አያየውም።

በመጨረሻ ጆይስቲክ። ርካሾቹ የዩኤስቢ ጆይስቲኮች መሃላቸው ላይ አናሎግ የምትል ቁልፍና ቀይ መብራት አላቸው። መብራቷ ጠፍታ እያለ ቁልፎቹን ካስተካከላችሁ ግራው ስቲክ እንደ ቀስቶቹ፣ ቀኙ ደግሞ እንደ አራቱ ቁልፎች ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ፔስ ስትጫወቱ ተጫዋቹ በስምንት አቅጣጫ ብቻ ይሮጣል፣ እናንተም ጌሙን ትወቅሳላችሁ። መጀመሪያ መብራቷን አብሩ፣ ከዚያ ማፒንጉን እንደገና ሥሩ። ሁለት ጆይስቲክ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ሰክታችሁ ኢሙሌተሩን ብትከፍቱ ይሻላል።