የጦርነት ጊዜ ፖስተሮችን ስናይ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ አየር ጥቃት ያወጧቸውን ፖስተሮች በጣም እወዳቸዋለሁ። ለዚህም ነው ሰው በተሳሳተ መንገድ ሲያነባቸው የሚቆጨኝ።

ቀዩን ፖስተር ታውቁታላችሁ፤ «ተረጋጉ፣ ኑሯችሁን ቀጥሉ» የሚለውን። ዛሬ በየኩባያውና በየቲሸርቱ ላይ አለ። ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ እሱን እያየ ይጽናና ነበር ብላችሁ እንዳትጽፉ። እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ 2.5 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ለክፉ ቀን ተብሎ ተቀመጠ፣ ግድግዳ ላይ የወጣው ግን እጅግ ጥቂት ነው። የታወቀው በ2000 አንድ ቅጂ አልንዊክ በምትባል ከተማ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ይሄ ነው፦ ፖስተሩ ያዘዘውን ሁሉ ሕዝቡ ይፈጽም ነበር ብሎ ማመን። ሰው ሳይጎተጎት የሚያደርገውን ነገር ማን ወረቀት አጥፍቶ ያዘዋል? በሌላ ፖስተር ላይ ከዛፍ ሥር የተቀመጠችውን እናት ተመልከቱ። ልጆቿ ከከተማ ወጥተው ገጠር ናቸው፤ ከጀርባዋ ሂትለር እንደ መንፈስ ቆሞ «መልሻቸው» እያለ በጆሮዋ ያንሾካሹካል። ይህ ፖስተር የወጣው እናቶች ልጆቻቸውን እየመለሱ ስለነበር ነው። ቦምቡ ቶሎ አልወደቀም፣ ናፍቆቱ ደግሞ አላስችል አለ። ልጇን ለማታውቀው ሰው ሰጥታ የመጣች እናት ምን ታድርግ? እንዲያውም ሕዝቡ የመንግሥትን ውሳኔ ያስቀየረበት ጊዜ አለ፦ በ1940 ቦምቡ ለንደን ላይ መውደቅ ሲጀምር የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች መጠለያ አይሆኑም ቢባልም፣ የለንደን ሰው ትኬቱን እየቆረጠ ወርዶ አልወጣም ብሎ እዚያው አደረ፣ መንግሥትም በመጨረሻ ፈቀደ።

ሁሉም ፖስተር ስለ ቦምብ ነው ማለትም ስህተት ነው። ከመስከረም 1939 ጀምሮ ማታ መብራት ወደ ውጭ እንዳይታይ ተከለከለ። ጨለማው ራሱ ሰው ገደለ። መኪና እግረኛ ይገጭ ጀመር። ስለዚህ ብዙዎቹ ፖስተሮች የሚሉት ነጭ ነገር ልበሱ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆም በሉ ነው።

የጋዝ ጭንብል ያዙ የሚሉትን አይቶ «በከንቱ አስፈራሩት» የሚል አለ፤ እንግሊዝ ላይ የመርዝ ጋዝ አልተጣለምና። ይሄን በተለይ እኛ ልንለው አይገባም። ጣሊያን በ1935 እና በ1936 በእኛ ሰው ላይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አዝንባለች፣ ንጉሠ ነገሥቱም ጄኔቫ ድረስ ሄደው ለዓለም ተናግረዋል። ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም።

የእንግሊዞች ብቻም አይምሰላችሁ። ጀርመኖችም «ጠላት መብራትህን ያያል» የሚል፣ አፅም አውሮፕላን ላይ የተቀመጠበት ፖስተር ነበራቸው።

በመጨረሻ፣ የት እንደተለጠፈ ሳትጠይቁ አትለፉ። የለንደን አውቶቡሶችና ባቡሮች መስኮት ላይ፣ መስታወቱ ተሰብሮ እንዳይበተን መረብ ተለጥፎበት ነበር። ተሳፋሪው መውረጃው አልታይ እያለው ይልጠዋል። «አትላጡት፣ ለእናንተው ነው» የሚለው ፖስተርም የተሰቀለው እዚያው ውስጥ ነበር፣ እጁን ወደ መረቡ ከሰደደው ሰውዬ ፊት ለፊት።