በብርዱ ወራት ጓሮ የምትመጣውን ወፍ ለመለየት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሆናችሁ ጓሯችሁ ላይ የወፍ መመገቢያ የሰቀላችሁ፣ የማታውቋት ወፍ ብቅ ስትል ቀለሟን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ቀለም በብርዱ ወቅት ያሳስታል። በሞቃቱ ወራት ደማቅ ቢጫ የነበረው ወንዱ ጎልድፊንች አሁን ደብዝዞ ወደ ቡናማ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ይመስለዋል። ጠቆር ያለው ክንፉ ላይ ነጣ ያሉ ሰረዞች ካያችሁ እሱው ነው።

መጀመሪያ የት እንደምትበላ ተመልከቱ። መመገቢያው ሥር መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ የምትለቅመው፣ ከላይ ግራጫ፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯ ፈዛዛ ሮዝ ከሆነ ጃንኮ ናት። ብር ብላ ስትነሳ ጅራቷን እዩት፤ ግራና ቀኝ ዳሩ ነጭ ብልጭ ይላል። ከዚህ የበለጠ የማያሻማ ምልክት ያላት የጓሮ ወፍ አላውቅም። አብራት የምትለቅም ቡናማ ድንቢጥ ጉሮሮዋ ነጭ፣ በዓይኗና በምንቃሯ መካከል ቢጫ ካለባት ደግሞ ዋይት ትሮትድ ስፓሮ ናት።

ከመብረሯ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፣ ብዥ ቢልም ግድ የለም። መርሊን የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነፃ አፕ ፎቶውን አይቶ፣ ፎቶ ከሌለም ቦታውን፣ ቀኑን፣ መጠኗንና ቀለሟን ጠይቆ የምትመስለውን ያወጣላችኋል። መጠኗን ሲጠይቃችሁ ከድንቢጥ ጋር አወዳድሩ።